ለቤት የሚሆን ርካሽ መጋዝ

ጡረታ ወጣህ ይሉኛል። ማን ነው ጡረታ የሰጠኝ? እዚህ ዓረብ አገር እንደኔ ላለ ሰው ጡረታ የሚባል ነገር የለም፤ «ቪዛህ አይታደስም፣ ኸላስ፣ አበቃ» ነው የሚባለው። ሙዲሩ፣ ማለት የምሠራበት ሱቅ ሥራ አስኪያጅ፣ ከልጄ በዕድሜ የሚያንስ ሰው፣ ኬክ አስመጥቶ ሠራተኛው ፊት ቆረጠልኝ። ዕድሜዬ ስለገፋ ዕረፍት ይገባኛል አለ። ያስወጣኝ ዕድሜዬ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ኬኩን አልቀመስኩም። ስኳር አለብኝ አልኳቸው፤ ስኳር የለብኝም፣ የነበረብኝ ንዴት ነው።

አሁን ከዱባይ ወዲያ፣ ዓጅማን፣ ልጄ ቤት፣ በእሷ ቪዛ ሥር ነው ያለሁት። ስልኬ ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው። ኢንተርናሽናል ሲቲ ቢድ ስፔስ፣ የአንድ አልጋ ቦታ፣ ተከራይተው የሚኖሩ እህቶች ይደውላሉ፣ ዴራ ዕቃ ሊጭኑ የመጡ ነጋዴዎች ይደውላሉ፣ ከአገር ቤትም ቁጥሬን ከማን እንዳገኙት የማላውቃቸው ሰዎች ይደውላሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ጋሽ በላቸው፣ ለቤት የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ የሞተር መጋዝ የትኛው ነው?» የአንድ ዕቃ ስም ጠርቼላቸው እንድዘጋው ነው የሚፈልጉት። እኔ ደግሞ ታደለ የሚባል ሰው በእንዲህ ያለ መጋዝ ሦስት ጣቱን ካጣ ወዲህ፣ ከጣቱም በላይ ቃሉን የሚያምንለት ሰው ካጣ ወዲህ፣ የዕቃ ስም ጠርቶ ስልክ መዝጋት አልሆነልኝም። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው ላውራው፤ የቸኮለ ይለፈኝ።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት አል ቁዝ፣ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ተሸካሚ ሆኜ ነው። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ ያየው ያውቀዋል። መጋዘኑ የእርሻ መሣሪያ ነበር የሚይዘው፤ የውሃ ፓምፕ፣ የሣር ማጨጃ፣ የሞተር መጋዝ። አንድ ቀን አለቃችን ከመጋዝ ሣጥኖቹ ጋር ጥቅልል ጥቅልል ተለጣፊ አመጣልን። አንዱ ጥቅልል ላይ አርባ አምስት፣ ሌላው ላይ ሃምሳ ሁለት፣ ሦስተኛው ላይ ሃምሳ ስምንት የሚል ቁጥር ታትሟል። ቁጥሩ የሞተሩን መጠን ይነግራል መባሉ ነው። መጋዙ ግን ሁሉም አንድ ነው፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ፣ አንድ ዓይነት ሞተር ያለው። የትኛው ላይ የቱን ልለጥፍ ብዬ ብጠይቀው፣ ገበያው የጠየቀውን ለጥፍ አለኝ። የዋሸሁ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ዛሬ ሰው «ሃምሳ ስምንቱን ስጠኝ» ሲል በሰማሁ ቁጥር ያ ጥቅልል ፊቴ ይመጣል፣ ደሜም ይፈላል።

ሥራ የተማርኩት ከዚያ ቀጥሎ ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪ ሰፈር ያለው፣ መጋዝ የሚጠግንና የሚሸጥ ጋራዥ ነው። አስተማሪዬ ኡስታድ ጉል ይባላል፤ የፔሻዋር ሰው ነው። ኡስታድ የሚሉት የእጅ ሥራ የበላይ የሆነውን ሰው ነው። እኔን «ሐበሺ» ይለኛል፣ በተሰባበረ ዓረብኛ እንግባባለን፤ እሱም ሰበረ፣ እኔም ሰበርኩ፣ ሥራው ግን አልተሰበረም።

ኡስታድ ጉል ዋጋ ሲጠይቁት አይመልስም ነበር። ሻዩን ፉት እያለ መጀመሪያ ምን እንጨት እንደሚቆረጥ ይጠይቃል። ቀጥሎ መጋዙን የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ ጎበዝ ይሁን ሽማግሌ፣ ከዚህ በፊት ይዞ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃል። ከዚያ ደግሞ ጥርሱ ሲደነዝዝ ማን እንደሚሞርደው። ገዢው ይናደድበታል። አንዳንዱ ጥሎት ይሄዳል። እሱ ግድ የለውም፤ ሄዶ ከተመለሰ ያስረዳዋል፣ ካልተመለሰም ሻዩ አልበረደበትም።

ሲሞርድ ላየው ሰው ሌላ ነው። ሞረዱን ወደ ፊት ብቻ ነው የሚገፋው፤ ሲመለስ ያነሣዋል እንጂ ጥርሱ ላይ አይጎትተውም። እያንዳንዱን ጥርስ እኩል ይሞርዳል፤ የግራው ከቀኙ ከበለጠ መጋዙ እንጨት ውስጥ ገብቶ ይጠመዛል። እኔ ስቸኩል አይቆጣም፣ መዳፉን ሞረዱ ላይ ያሳርፍና እስክሰክን ይይዘዋል። ሞርዶ ሲጨርስ ጋራዡ ደጅ ካለው የተምር ግንድ ላይ አንድ ጊዜ ይቆርጥና ጎንበስ ብሎ ከመሬት ፍርፋሪውን ያነሣል። ፍርፋሪው ቅርፊት ቅርፊት ከሆነ ስሏል፣ ዱቄት ከሆነ ደንዟል። ሰንሰለቱ ዘይት ማግኘቱን ለማወቅ ደግሞ ሞተሩን አስነሥቶ የመጋዙን ጫፍ ካርቶን ላይ ያነጣጥራል፤ ካርቶኑ ላይ የዘይት መስመር ከተረጨ ደህና ነው። እነዚህን ለማወቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሻጭ ሁሉ የማያሳየው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ይገባኛል እንጂ፣ ማለት አልፈልግም።

ሁለት ነገር በተለይ ከእሱ ያዝኩ። አንደኛው፣ ከማያውቀው ፋብሪካ ዕቃ በገባ ቁጥር አንድ ሣጥን ከፍቶ መጋዙን ብሎን በብሎን ይፈታዋል። ውስጡን ሳያይ አንድም አይሸጥም። ሁለተኛው የደጋው ነገር ነው። የእሱ ዘመዶች ተራራ ላይ ነው የሚኖሩት። ባሕር ዳርቻ ላይ የተስተካከለ ሞተር ደጋ ሲወጣ አየሩ ይሳሳበታል፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ይታፈናል፣ ይጠፋል። መፍትሔው ካርቡራተሩ ላይ ያሉትን የቤንዚን ብሎኖች ጥቂት መዝጋት ነው። ሰው ግን ያንን አያውቅም፤ ሞተሩ እየጠፋ ሲያስቸግረው ሚኒሞውን፣ ማለት ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጡት የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ያስጮኸዋል። ሚኒሞው ሲጮህ ደግሞ ነዳጅ ሳይሰጡትም ሰንሰለቱ ይዞራል። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ሰውየውን የሚያድነው ፍሬኑ ብቻ ነው፤ ከፊት እጀታው ቀደም ብላ የቆመችው ጋሻ መሰል ነገር፣ ወደ ፊት ስትገፋ ጠቅ ብላ ሰንሰለቱን የምታቆመው።

ኡስታድ ጉል ዓይኑ ደከመና ወደ አገሩ ሄደ። እኔን ደግሞ ዴራ ላለው ሱቅ ባንኮኒ ላይ አቆሙኝ፤ የሐበሻ ነጋዴ ስለበዛ አማርኛ የሚችል ሰው ፈልገው ነው። እዚያ ነው የኛን ሰው አገዛዝ ያየሁት። አንድ ሰው ይገባል፣ መጋዙን በአንድ እጁ ያነሣል። ከከበደው «ይሄ ነው ዕቃ» ይላል። ቀጥሎ ረጅም ሰይፍ ያለውን፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ብረት ሰይፍ ነው የምንለው፣ እሱን ይመርጣል። አስነሥተህ አስጩኸው ይለኛል፤ አስጮኸዋለሁ፤ ሱቁ ከተንቀጠቀጠ ግብይቱ አለቀ። ሣጥኑ ደግሞ መታሸግ አለበት፤ የተከፈተ ከሆነ አገር ቤት «ያገለገለ ነው» ይባላል። ገዢውን አልፈርድበትም፤ ማን አስተማረው? ፋብሪካው ያንኑ አይቶ ከባድ፣ ረጅም፣ ጯሂና የታሸገ ሠርቶ ላከለት።

ሙዲሩን አንድ ሣጥን ልክፈትና ውስጡን ልየው ብዬ ስንቴ እንደለመንኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። የተከፈተ ሣጥን የሚገዛ የለም፣ የአንተ ሹግል፣ ሥራህ፣ መሸጥ ነው እንጂ መፍታት አይደለም አለኝ።

እሑድ ቀን፣ በዕረፍቷ፣ የሺ የምትባል ልጅ መጣች። አል ጋርሁድ አንዲት ማዳም ቤት ነው የምትሠራው፤ አገሯ ከዳንግላ ወዲያ ነው። አባቷና ታናሽ ወንድሟ ታደለ ዲከረንስ ተክለው ከሰል ያከስላሉ። ዲከረንስ በጥቂት ዓመት የሚደርስ ቀጭን ዛፍ ነው፤ ሲቆረጥ ከጭን አይወፍርም። እስከዚያ ቀን በምሳር ነበር የሚቆርጡት፣ የአባቷ ትከሻ አልቋል። ለእነሱ የሞተር መጋዝ መላክ ትፈልጋለች፤ ለቤት የሚሆን፣ አቅሟ የሚችለውን።

እንደ ኡስታድ ጉል ጠየቅኳት፤ አንድ በአንድ መለሰችልኝ። ያኔ አጭር ሰይፍ ያላትን ትንሿን መጋዝ አወረድኩላት። ከሱቃችን ርካሽ ዕቃ ውስጥ ሻርጃ ሳለን ኡስታድ ጉል ፈትቶ ደህና ናት ያላት እሷ ነበረች። ከጓሮ ያለው ግንድ ጋ ወስጄ ራሷ እንድታስነሣው አደረግኩ። መሬት ላይ አስቀምጣ፣ በእግሯ ረግጣ፣ ገመዱን ሳበች፤ በሦስተኛው ተነሣላት። ስትስቅ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ስልኳን አውጥታ «ጋሼ፣ ለታደለ ይንገሩት፣ እኔ ልቅረጽዎት» አለችኝ። እኔም ካሜራው ፊት ቆሜ ፍሬኑን ወደ ፊት ገፍቼ ጠቅ ሲል አሰማሁት። ሰንሰለቱ ቀጥ አለ። «ታደለ፣ ይቺን ሳትቆልፍ እጅህን ወደ መጋዙ እንዳታስጠጋ፤ ከቆለፍካት ግን አትፍራ» አልኩት። ቪዲዮውን እዚያው ላከችለት።

በሚቀጥለው እሑድ ልትወስደው መጣች። ሱቁ ውስጥ አቶ ደምሴ ነበር፤ ዕቃ በካርጎ የሚጭንላት ነጋዴ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው ሁሉ የሚወደው። ትንሿን መጋዝ ሲያይ ሳቀ። ይሄን ያህል ዘመን ዱባይ ሠርታ አሻንጉሊት ላከች ይሉሻል አላት። መንደሩ በሙሉ የመጣውን ሣጥን ለማየት እንደሚሰበሰብ፣ አባትሽ ሰው ፊት ይሄን ይዘው ሊያፍሩ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ከዚያ ሃምሳ ስምንት የሚል ቁጥር የተለጠፈበትን፣ ሰይፉ የረዘመውን አሳያት። የታሸገ ነው። ዋጋውም ከትንሿ እምብዛም አይርቅም፤ ይሄ ራሱ ማስጠርጠር ነበረበት፤ የትኛው አገር ነው በሬና ወይፈን በአንድ ዋጋ የሚሸጠው?

እኔ አይሆንም አልኩ። ለቀጭን እንጨት ረጅም ሰይፍ ጣጣ ነው፣ ክብደቱ አባትየውን ይጥላቸዋል፣ ይሄን ፋብሪካ ደግሞ አላውቀውም፣ ቢያንስ ከፍቼ ልየው አልኩ። ሙዲሩ ከውስጥ ወጣ። ሙሽኪላ፣ ችግሩ፣ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀና፣ ሣጥን እንዳይከፈት፣ እኔም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሄጄ ፓምፕ እንድቆጥር አዘዘኝ። የሺ እኔንም አቶ ደምሴንም አየች። ልጅቷን ይሉኝታ ያዛት። ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፤ አባባ እንዲያፍርብኝ አልፈልግም» አለችኝና ትልቁን መረጠች። በይሉኝታ የተገዛ ዕቃ ስንት እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው፤ አቶ ደምሴም ያውቃል፣ ሙዲሩም ያውቃል፣ የሚያተርፉትም በይሉኝታ ነው።

ወራት አለፉ። የሺ ተመልሳ ስትመጣ ከስታ ነበር። የመጣችው ለክስ አልነበረም፤ ትንሿን መጋዝ ልትገዛ ነው የመጣችው። ለማን ብላት፣ ለአባባ አለችኝ፤ ታደለ ከእንግዲህ አይችልም። ግራ እጁ ላይ ሦስቱ ጣቶቹ የሉም።

ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ነገረችኝ። መጋዙ ደጋ ሲደርስ እየታፈነ ይጠፋባቸው ጀመር። አንድ የጎረቤት ሞተረኛ ሚኒሞውን ከፍ አደረገላቸው፤ መጥፋቱን ተወ። ታደለ ሲቆርጥ ውሎ አንድ ቅርንጫፍ ሰይፉ ሥር ተሰነቀረ። ቆልፎት እጁን ሰደደ። ሰንሰለቱ እየዞረ ነበር።

«ቆልፌው ነበር ብሎ ይምላል» አለችኝ። «ማንም አላመነውም። ቢቆልፈው ኖሮ እንዴት ይቆርጠዋል? ጠጥቶ ነው ተባለ። አባባ እህትህ ደሟን ተፍታ የላከችልህን ዕቃ በግድየለሽነት ያዝከው ብሎ ፊቱን አዞረበት፣ አንድ ቤት ሆነው አይነጋገሩም። ያጫትን ልጅ ቤተሰቦቿ ለሰካራም አንሰጥም አሉ። እኔም በስልክ ሰደብኩት፣ ጋሼ። እርስዎ በቪዲዮው እንደዚያ አስረድተውት እንዴት ብዬ።»

ወይ ነዶ። ጠቅ ሲል ሰምቶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እሱማ ጠቅ ብሏል ይላል አለች።

ወደ መደርደሪያው ሄጄ ሃምሳ ስምንት የሚለውን አንድ የታሸገ ሣጥን አወረድኩና ባንኮኒው ላይ ቀደድኩት። ሱቁ ውስጥ አቶ ደምሴ ከሌሎች ሦስት ነጋዴዎች ጋር ነበር። ሙዲሩ ከቢሮው ሆኖ ያላ፣ ምን እያደረግህ ነው ብሎ ጮኸ። መጋዙን አወጣሁ። የፍሬኑን ጋሻ ወደ ፊት ገፋሁት፤ ጠቅ አለ፣ ጥርት ብሎ። ሰንሰለቱን በጨርቅ ይዤ ጎተትኩት፤ እንደ ልቡ ዞረ። የጎኑን ክዳን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈትቼ ገለጥኩት።

ፍሬን ያለው መጋዝ ክዳኑ ሲገለጥ ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ፍሪሲዮን የሚያንቅ ቀጭን የብረት ቀበቶ ይታያል። ትንሿንም ፈትቼ አጠገቡ አስቀመጥኩ፤ ቀበቶዋ ቦታው ላይ አለ። በትልቁ ውስጥ ቀበቶ የለም። ቀበቶው የሚገባበት ቦይ እንኳ አልተቆፈረም። ጋሻው ሥር አንድ ትንሽ ስፕሪንግ አለች፤ ሥራዋ ጠቅ ማለት ብቻ ነው። አስቡት። አንድ ሰው፣ በሙሉ አእምሮው፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ፍሬኑን ለማስቀረት ግን ድምፁን ለመተው ወስኗል። ጋሻው ራሱ ባይኖረው ኖሮ ታደለ ፍሬን የለውም ብሎ ይጠነቀቅ ነበር። እኔም በቪዲዮ ከቆለፍካት አትፍራ ያልኩት አያሳስተውም ነበር።

የሺ ጣቷን ወደ ባዶው ቦታ አስገባች። ዳር ዳሩን ዳሰሰችው። አንድ ጊዜ ጋሻውን ራሷ ገፍታ ጠቅ ሲል ሰማች። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

ሙዲሩ መጥቶ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ የሣጥኑን ዋጋ እንድከፍል፣ ቪዛዬም እንደማይታደስ፣ ለሌላው ሁሉ ሸጠን ማንም አልጮኸም እያለ ይለፈልፋል። አቶ ደምሴ የሱቁን ወለል ነው የሚያየው። ከነጋዴዎቹ አንዱ ያዘጋጀውን ዕቃ ትቶ ወደ እኛ ቀረበ።

ስልኩን ያነሡት አባትየው ናቸው። ድምፁን ከፍ አድርጋ ሁላችንም እንድንሰማ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«አባባ፣ መጋዙን ከፍተን አየነው። ፍሬን የለውም። ውስጡ ባዶ ነው። ታደለ ቆልፎት ነበር። እውነቱን ነው።»

ከጀርባ የዶሮ ጩኸት ይሰማል። አባትየው ከስልኩ ራቅ ብለው፣ «ታደለ፣ ና፤ እህትህ ናት» ሲሉ ሰማናቸው። ልጁን በስሙ ሲጠሩት ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያቸው እንደነበር የሺ ኋላ ነው የነገረችኝ።

ታደለ መጣ። የሺ ማልቀስ ጀምራ ስለነበር እኔ ነኝ የነገርኩት። ቪዲዮው ላይ ያየኸኝ ሰውዬ ነኝ አልኩት። ቀበቶ እንዳልነበረው፣ ጠቅ የሚለው ለማታለል ብቻ እንደሆነ፣ እሱ የሠራው ሁሉ ትክክል እንደነበር አንድ በአንድ አስረዳሁት። አላቋረጠኝም። ስለ ጣቶቹ አላነሣም፣ መጋዙን ማን ሸጠው ብሎም አልጠየቀም።

«አባባ ሰምቷል?» አለኝ።

«ሰምተዋል፤ ለእሳቸው ነው መጀመሪያ የተነገረው» አልኩት።

«እንግዲያው ደግመው ይንገሩልኝ» አለ። «እኔ እዚሁ እያለሁ።»

ስልኩ ወደ አባትየው ተመለሰ። የሺ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ ሱቁ በሙሉ እየሰማ፣ ደግማ ነገረቻቸው።